ገጽ መቶ አርባ

መጽሐፉ ሽፋን የለው፣ ጫፉን አይጥ በልቶታል፣
መጨረሻው ደግሞ ቆሎ ተጠቅልሎበታል።
ገጽ መቶ አርባ ላይ፣ ልጁ ምሰሶው ላይ ወጥቶ፣
ማዕበሉ ከሥሩ እንደ ወይፈን አጓርቶ፣
«ልክ በዚያች ቅጽበት…» ይልና ያልቃል፤
የቀረውን ታሪክ ቆሎ ሻጭ ያውቃል።

አጎቴ ይርሳውን ነበር የማስደምጠው፣
ደንገሉን በጉልበቱ ተጭኖ ሲቋጥረው።
ፊደል አልቆጠረም፣ ጆሮው ግን ይለቅማል፣
የተጠራጠራትን መስመር ያስደግማል።
«ቆይ፣ ውኃው ጨው ነው አልሽ? ያ ሁሉ? ዳር እስከ ዳር?
ታዲያ ሲጠማቸው ምን ይጠጡ ነበር?»
«በበርሜል ይጭናሉ።» «በውኃ ላይ ውኃ?»
አንገቱን ነቀነቀ፤ «አይ የፈረንጅ ድሃ!»

ሰኔ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እንጨት ልናመጣ፣
ዘጌ አብሬው ሄድኩኝ፣ ጎህ ገና ሳይወጣ።
አሥራ ሦስት ዓመቴ፤ ከሰልፉ ፊት የምቆም፣
ቀርከሃው መቅዘፊያ በእጥፍ የሚበልጠኝ በቁም።
እናቴ አልወደደችም። «ሴት ልጅ…» ልትል ጀመረች፣
ከዚያ ዳቦ ቋጥራ እጄ ላይ አኖረች።

መሄዱ ቀላል ነው። ሐይቁ ዘይት መስሏል፣
ሻላው በክንፉ ጫፍ ጥላውን ይነካል።
ይርሳው መቅዘፊያውን «ግራ፣ ቀኝ» እያለ ሰጠኝ፣
መዳፌ ውኃ ቋጥሮ እንደ በርበሬ አቃጠለኝ።

እንጨቱን ጭነን ሳንርቅ ከዘጌ ጥላ፣
ወባው ተነሣበት፤ ዝርግት አለ ከኋላ።
ጥርሱ ሲንገጫገጭ ከጀርባዬ ይሰማል፣
«እኔን አትዪ፣ አንጓች፣ ፊትሽን፤ ውኃው ያታልላል።»

ከዚያ ነፋሱ መጣ ከጎርጎራ ማዶ፣
የሐይቁን ቆዳ እንደ አሮጌ ሸማ ቀዶ።
ደንገል አይሰምጥም፣ ግን ይጠጣል ቀስ ብሎ፣
ውኃው ባቴ ደረሰ ቁርጭምጭሚቴን ዘሎ።
«እንጨቱን ልጣል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት፣
መልስ የለም። ዞርኩና ግንባሩን ነካሁት፤
እንደ ተሲያት ድንጋይ ይፋጃል።
                                        ተውኩት።

ያኔ በራሴ ነው፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣
የሳምንት እራታችንን ሰጠሁት ለሐይቅ።
አንድ እስር፣ ሁለት፣ ሦስት… ተንሳፎ ሄደ እንጨቱ፤
ሲሄድ ደስ ይል ነበር፣ አይታወቅ ምክንያቱ።

ቅርብ፣ በስተግራ፣ ተነፈሰ ጉማሬ፤
እንዲያ ዝም ብዬ አላውቅም እስከ ዛሬ።
እንቦጩም በጨለማ እንደ መስክ አሳተኝ፣
መሬት ነው ብዬ ስጠጋ እንደ ጭቃ ያዘኝ።

ያ ልጅ ትዝ አለኝ፣ ምሰሶው ላይ የቀረው፣
ስንት ዓመት ተንጠልጥሎ ማንም ሳያወርደው።
«ውረድ!» አልኩት ጮኬ፣ «ና ቅዘፍ ከኔ ጋራ፣
ይኼ ጨው አይደለም፣ ቢጠማህ አትፍራ!»
መጣ አልልም እኔ፤ ቀርከሃው ግን ቀለለኝ፣
ወይም ነፋሱ ዞሮ ከኋላ ደገፈኝ።

ከዚያ የባሕር ዳር መብራት ታየ፣ ቀጭን ክር፣
የባጃጅ ጡሩንባ፣ የውሻ ጩኸት፣ ምድር።
እናቴ ዳር ነበረች። ይርሳውን ደገፈች፣
«እንጨቱስ?» አላለችም። መዳፌን ገልጣ አየች።

ታንኳውን በነጋታው ዋርካው ላይ አቆምነው፣
የጠጣውን ሁሉ ለፀሐይ እንዲተፋው።
ይንጠባጠብ ነበር እስከ ቀትር ድረስ፣
እኔም ከሥሩ ተኛሁ፣ ሰው ሳይቀሰቅስ።

በሦስተኛው ቀን ይርሳው ቀና ብሎ ተቀመጠ፣
«መጽሐፉን አምጪ» አለኝ፣ ደንገል እያማረጠ።
ገጽ መቶ አርባ። «ልክ በዚያች ቅጽበት…»
አላቆምኩም። ገለጥኩ ያልነበረ ወረቀት።
አንብቤ፣ አንብቤ፣ ጥቂት እንደሄድኩ ከዚያ ወዲያ፣
እጁ ቆመ፤ ደንገሉ ቀረ በቋጠሮው መሐል እዚያ።
«ቆይ፣ ልጁ እንጨቱን ሁሉንም ጣለው ወይ?»
«ሁሉንም።» ዝም አለ። አየ ወደ ሐይቁ ላይ።

«እስኪ እሱን ድገሚው።»